የብርሃን ምት፦ የሌዘር ሞዶች ስለሚቆራኙበትና ጸንተው ስለሚኖሩበት ሥርዓት



የዛሬው ንግግር ዓላማ እጅግ አጭር የሆነ የብርሃን ምት በሌዘር ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ይልቁንም ከተፈጠረ በኋላ ሳይበተን እንዴት ጸንቶ እንደሚኖር ማስረዳት ነው። ስለ ሌዘር ብርታት ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ ውስጣዊ ሥርዓቱ የተነገረው ግን ከዚያ ያነሰ በመሆኑ፣ የሙያው ባለቤቶች እንኳ ነገሩን እንደ ተራ መሣሪያ ሠራተኛ ቁልፍ ተጭነው የሚያገኙት ነገር አድርገው ማየት የተለመደ ሆኗል። በንግግሩ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ መጠኑ ጥቂት ማለት ይገባል። አንድ ፌምቶ ሴኮንድ ማለት የአንድ ሴኮንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ክፍል ማለት ነው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሲሆን፣ በ10 ፌምቶ ሴኮንድ ግን የሚራመደው 3 ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ከሰው ጠጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 800 ናኖ ሜትር የሆነ ብርሃን አንድ ጊዜ ወጥቶ ለመውረድ 2.7 ፌምቶ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ 10 ፌምቶ ሴኮንድ የሚቆይ ምት በውስጡ የያዘው ከአራት የማይበልጡ ሙሉ ውጣ ውረዶችን ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ምት በር ከፍቶ በመዝጋት ከረጅም ብርሃን ላይ ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ፈጣን የሚባለው የኤሌክትሪክ መዝጊያ እንኳ ከዚህ በሺህ እጥፍ ያህል ይዘገያልና።

ታዲያ ምቱ ከየት ይመጣል? መልሱን ለማግኘት በሁለቱ የሌዘር መስተዋቶች መካከል ወዳለው መንገድ፣ ማለትም ወደ ሬዞኔተሩ መግባት ያስፈልጋል። ሁለት ጫፉ የታሰረ የክራር ጅማት ሲመታ እንዳሻው አይርገበገብም፤ በጫፎቹ መካከል ልክ ገጥመው የሚቀመጡት ሞገዶች ብቻ ይኖራሉ። በሁለት መስተዋቶች መካከል የተያዘ ብርሃንም እንደዚሁ ነው። ልክ ገጥሞ የሚኖረው እያንዳንዱ ሞገድ ሞድ ይባላል። መስተዋቶቹ በ1.5 ሜትር ቢራራቁ ብርሃኑ ደርሶ ለመመለስ 10 ናኖ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚህም ምክንያት በአንዱ ሞድና በጎረቤቱ መካከል ያለው የድግግሞሽ ልዩነት 100 ሜጋ ኸርትዝ ይሆናል። ክራሩ ላይ ጥቂት ድምፆች ብቻ ሲሰሙ፣ በሌዘሩ ውስጥ ግን የሞዶቹ ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። 10 ፌምቶ ሴኮንድ የሚቆይ ምት ለመሥራት ወደ 44 ቴራ ኸርትዝ የሚደርስ የድግግሞሽ ስፋት ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ ስፋት ውስጥ የሚሰለፉት ሞዶች 440,000 ያህል ይሆናሉ።

እነዚህ ሁሉ ሞዶች በአንድነት ሲበሩ የሚሆነው ነገር በየሞዱ ፌዝ ይወሰናል። ፌዝ ማለት ሞገዱ በአንድ ቅጽበት ከመውጣትና ከመውረድ የቱ ላይ እንደሚገኝ የሚገልጸው ነገር ነው። በሠርግ ቤት እያንዳንዱ እንግዳ በፈለገው ጊዜ ቢያጨበጭብ የሚሰማው ያልተቋረጠ ሁካታ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢያጨበጭቡ ግን ቤቱን የሚያናውጥ ምት ይሰማል፤ በምትና በምት መካከልም ጸጥታ ይሆናል። የሞዶቹ ፌዝ የተዘበራረቀ ሲሆን ሌዘሩ የሚያወጣው ሁካታ ነው። ፌዛቸው ሲቆራኝ ግን ሁሉም በየ10 ናኖ ሴኮንዱ አንድ ጊዜ አብረው ይወጣሉ፤ በቀረው ጊዜ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። በዚህ ጊዜ የሌዘሩ አማካይ ኃይል አይጨምርም። 1 ዋት የሚሰጥ ሌዘር አሁንም የሚሰጠው 1 ዋት ነው። ነገር ግን በ10 ናኖ ሴኮንድ ላይ ተሰጥቶ የነበረው ኢነርጂ በ10 ፌምቶ ሴኮንድ ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ የምቱ ጫፍ ወደ 1 ሚሊዮን ዋት ይደርሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ ድሩን ማን እንዳስተባበረው አይናገርም፤ የሙያው ጥያቄም ያ ነው።

ቴዎዶር ሜይማን በ1960 የመጀመሪያውን የሩቢ ሌዘር ካበራ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1964 በቤል ላቦራቶሪ ሃርግሮቭ፣ ፎርክና ፖላክ የተባሉት ተመራማሪዎች በሂሊየም ኒዮን ሌዘር ውስጥ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መቆጣጠሪያ አስገቡ። መቆጣጠሪያው የብርሃኑን ብክነት በየጊዜው ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ይህንም የሚያደርገው ብርሃኑ በሬዞኔተሩ ውስጥ ከሚመላለስበት ጊዜ ጋር በትክክል ተገጣጥሞ ነው። ብክነቱ ዝቅ ባለ ጊዜ የሚደርሰው ብርሃን ተርፎ ያልፋል፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚደርሰው ግን በየዙሩ ይቀነሳል። ነገሩን በድግግሞሽ በኩል ላየውም ሰው ያው ነው፤ መቆጣጠሪያው ከእያንዳንዱ ሞድ ጥቂት ብርሃን ወስዶ በልኩ ጎረቤት ሞዶች ላይ ስለሚያሳርፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ፌዙን ለማስማማት ይገደዳል። በዚህ መንገድ በናኖ ሴኮንድ የሚለኩ ምቶች ተገኙ።

የዚህ ዘዴ ወሰን ወዲያው ይታያል። መቆጣጠሪያው የሚከፍተው መስኮት ስፋቱ የተወሰነ ነው። ምቱ እያጠረ ሲሄድ ከመስኮቱ አንጻር እጅግ ጠባብ ይሆናል፤ የመስኮቱ ጫፍም ለእርሱ ሜዳ መስሎ ይታያል። ያን ጊዜ የበለጠ እንዲያጥር የሚገፋው ነገር አይኖርም። ከዚህ ለማለፍ መስኮቱ ከምቱ ጋር አብሮ መጥበብ አለበት፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ምቱ ራሱ ብቻ ነው።

ይህ ሐሳብ በ1965 እና በ1966 በሥራ ላይ ዋለ። በ1966 ዴማሪያና ባልደረቦቹ ኒዮዲሚየም ባለበት የብርጭቆ ሌዘር ውስጥ ብርሃን የሚመጥ የማቅለሚያ ፈሳሽ አስገቡ። ይህ ፈሳሽ የሚጠግብ መጣጭ ነው፤ ደካማ ብርሃን ሲመጣበት ይውጠዋል፤ ብርቱ ብርሃን ሲመጣበት ግን ጠግቦ ያሳልፈዋል። ስለሆነም በሁካታው መካከል በአጋጣሚ ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሎ የወጣ አንድ ጫፍ ቢኖር ከሌሎቹ ያነሰ ብክነት ይደርስበታል፤ በሚቀጥለው ዙር የበለጠ ይጎላል፤ ሌሎቹ ይመነምናሉ። ከጥቂት መቶዎች ወይም ሺዎች ምልልስ በኋላ በሬዞኔተሩ ውስጥ የሚኖረው ያ አንዱ ብቻ ይሆናል። በሩን የሚከፍተውም የሚገባበትም እርሱ ራሱ ነው። የእነዚህ ምቶች ዕድሜ በፒኮ ሴኮንድ የሚቆጠር ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ችግር ተከሰተ። ፎቶዳዮድና ኦሲሎስኮፕ እንዲህ አጭር ምት ለመለካት አይበቁም፤ የሚያሳዩት የምቱን ዕድሜ ሳይሆን የራሳቸውን ዘገምተኛነት ነው። በ1967 በቤል ላቦራቶሪ ጆርድማይን፣ ሬንትዜፒስ፣ ሻፒሮና ዌክት ይህን ችግር በብልሃት ተሻገሩት። ከምቱ የሚያጥር ሌላ መለኪያ ከሌለ ምቱን በራሱ መለካት ይቻላል ብለው፣ ብርሃኑን በመስተዋት መልሰው በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ከራሱ ጋር አገናኙት። ፈሳሹ የሚያበራው ሁለት የብርሃን ቅንጣቶችን በአንድ ጊዜ ሲቀበል ስለሆነ፣ ሄያጁና ተመላሹ ምት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከሌላው የደመቀ ነጥብ ይታያል። ነጥቡን ፎቶግራፍ አንስቶ ርዝመቱን መለካት የምቱን ዕድሜ መለካት ሆነ።

ፎቶግራፉ ያማረ ነበር፤ ማማሩም ወጥመድ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ፣ ሞዶቹ ከቶ ሳይቆራኙ የቀሩበት የሁካታ ብርሃን እንኳ በዚሁ ዘዴ ሲለካ ደማቅ ነጥብ እንደሚያሳይ ታወቀ። ምክንያቱ ሲታሰብ ቀላል ነው። ሁካታ በውስጡ ብዙ ጥቃቅን ጫፎች አሉት፤ ማናቸውም ብርሃን ከራሱ ጋር ያለ መዘግየት ሲገናኝ ጫፉ ከጫፉ፣ ሸለቆው ከሸለቆው ጋር መግጠሙ የማይቀር ነው። የነጥቡም ስፋት የሚናገረው ስለ ምቱ ዕድሜ ሳይሆን ስለ ድግግሞሹ ስፋት ነው። እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ነጥቡ ከዙሪያው ምን ያህል ይደምቃል የሚለው ጥያቄ ሆነ። ሞዶቹ በሚገባ ሲቆራኙ ነጥቡ ከዙሪያው 3 እጥፍ ይደምቃል፤ ሁካታ ብቻ ሲሆን ግን 1.5 እጥፍ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛና ይበልጥ አሳሳች የሆነ ሁኔታ አለ፤ ይኸውም በአንድ ረጅም ምት ውስጥ የታጨቀ ሁካታ ሲሆን፣ ምስሉ በሰፊ ትከሻ ላይ የቆመ ቀጭን ጫፍ ይመስላል። ትከሻውን ሳያይ ጫፉን ብቻ የለካ ሰው ፒኮ ሴኮንዶች የሚቆየውን ጥቅል የፌምቶ ሴኮንድ ምት ነው ብሎ ሊያውጅ ይችላል። ድምቀቱን በትክክል ሳይለኩ የነጥቡን ስፋት ብቻ ማሳወቅ በዚያ ዘመን የተፈጸመ ስሕተት ቢሆንም፣ መለኪያው ከተሻሻለ በኋላም ቢሆን ስሕተቱ መልኩን እየለወጠ መመለሱ አልቀረም። በሙያው ውስጥ አጭር ቁጥር ማሳወቅ ክብር ስለሚያስገኝ፣ ትከሻውን ላለማየት የሚገፋ ፈተና ሁልጊዜ አለ።

ወደ ሌዘሮቹ ታሪክ ስንመለስ፣ ከ1972 ጀምሮ ያለ ማቋረጥ በሚሠሩ የማቅለሚያ ሌዘሮች የተገኘው እድገት ፈጣን ነበር። አስገራሚው ነገር በእነዚህ ሌዘሮች ውስጥ የሚገኘው መጣጭ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመለሰው ከምቱ ዕድሜ እጅግ በረዘመ ጊዜ መሆኑ ነው። ቀስ ብሎ የሚዘጋ በር እንዴት አጭር ምት ይሠራል? መልሱ ሥራው በሁለት መከፈሉ ነው። መጣጩ የምቱን ፊት ይበላል፤ ምቱ የማጉያውን ፈሳሽ ጉልበት አሟጦ ሲያልፍ ደግሞ ጭራው የሚጎላበት ነገር አጥቶ ይደክማል። ከፊትም ከኋላም የተከረከመው ምት መካከሉ ብቻ ይቀራል። በ1981 ፎርክ፣ ግሪንና ሻንክ በቀለበት ሬዞኔተር ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ምቶች በመጣጩ ላይ እንዲገናኙ በማድረግ ከ100 ፌምቶ ሴኮንድ በታች ወረዱ፤ በ1985 ደግሞ ቫልድማኒስ፣ ፎርክና ጎርደን 27 ፌምቶ ሴኮንድ ደረሱ። ግብጽ ተወላጁ አሕመድ ዘዌይል የኬሚካል ትስስር ሲበጠስ ለማየት የቻለው በዚህ ዓይነት ሌዘር ሲሆን፣ በ1999 ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል።

የማቅለሚያ ሌዘር ግን አስቸጋሪ መሣሪያ ነው። ፈሳሹ ይበላሻል፤ ይፈስሳል፤ ልብስና ወለል ያቀልማል። ስለዚህ በ1982 ፒተር ሞልተን በማሳቹሴትስ ሊንከን ላቦራቶሪ ቲታኒየም የተጨመረበት የሰንፔር ክሪስታል ሌዘር እንደሚሆን ባሳየ ጊዜ ተስፋው ትልቅ ነበር። ክሪስታሉ ከ650 እስከ 1,100 ናኖ ሜትር ድረስ ብርሃን ይሰጣል፤ ከዚህ የሰፋ ኅብረ ቀለም የሚሰጥ የሌዘር አካል ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ እንቅፋት ነበረበት። በክሪስታሉ ውስጥ የተከማቸው ጉልበት ሳይለቀቅ የሚቆየው 3.2 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ምቱ 320 ጊዜ ይመላለሳል። ስለሆነም አንድ ምት ሲያልፍ የማጉያውን ጉልበት አሟጥጦ ጭራውን ሊቆርጥ አይችልም። የማቅለሚያው ሌዘር ዘዴ እዚህ አይሠራም ማለት ነው።

በጥር ወር 1991 በስኮትላንድ የቅዱስ እንድርያስ ዩኒቨርሲቲ ስፔንስ፣ ኪንና ሲቤት ያሳተሙት ጽሑፍ ብዙዎችን ያስደነቀው በዚህ ምክንያት ነው። በሌዘራቸው ውስጥ ከክሪስታሉ፣ ከመስተዋቶቹና ከፕሪዝሞቹ በቀር ምንም መጣጭ አልነበረም፤ ሆኖም 60 ፌምቶ ሴኮንድ የሚቆይ ምት አወጣ። በወቅቱ ነገሩን የአስማት ያህል የቆጠሩት ነበሩ። ሞዶቹን ያቆራኘው ምን እንደሆነ ግልጽ የሆነው በዚያው ዓመት በቀረቡ ሌሎች ጽሑፎች ነው።

በ1875 ጆን ኬር በግላስጎ የኤሌክትሪክ መስክ የብርጭቆን የብርሃን ስብረት እንደሚለውጥ አሳይቶ ነበር። ብርቱ ብርሃን በራሱ የኤሌክትሪክ መስክ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። በሌዘሩ ክሪስታል ውስጥ 100 ፌምቶ ሴኮንድ የሚቆይ ምት ሲያልፍ የክሪስታሉ የስብረት መጠን የሚለወጠው ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ነገር ግን የጨረሩ መካከል ከጠርዙ ይበልጥ ብርቱ ስለሆነ ለውጡ በመካከል ይበዛል፤ በጠርዝ ያንሳል። ይህ ደግሞ የሌንስ ጠባይ ነው። ምቱ በሚያልፍበት ቅጽበት ክሪስታሉ ሌንስ ይሆናል፤ ምቱ ሲያልፍ ሌንሱም ይጠፋል። በሬዞኔተሩ ውስጥ ጠባብ ቀዳዳ ቢቀመጥ፣ በሌንሱ የተሰበሰበው ብርቱ ምት በቀዳዳው ያልፋል፤ ሌንስ ያልሠራው ደካማ ብርሃን ግን ጠርዙ ይከረከማል። ቀዳዳ ባይኖርም ክሪስታሉን የሚያበረታው አረንጓዴ ጨረር ራሱ እንደ ቀዳዳ ያገለግላል፤ ከአረንጓዴው ጨረር ጋር ይበልጥ የሚደራረበው ጠባብ ጨረር ይበልጥ ይጎላልና። እንዲህ ያለው መጣጭ አይደክምም፤ አይበላሽም፤ አይዘገይምም።

ምቱ ለምን እንደሚጸና የሚገባውም ከዚህ በኋላ ነው። የገበያ ምሳሌ ሳይጠቅም አይቀርም። በአንድ ገበያ ወጪው ከሁሉ ያነሰ ነጋዴ ዋጋውን እስከ ወጪው ድረስ ቢያወርድ፣ ወጪያቸው በጥቂት ሳንቲም እንኳ የሚበልጥ ሌሎች ነጋዴዎች በገበያው ሊቆዩ አይችሉም። በሌዘሩ ውስጥ ብክነቱ ከሁሉ ያነሰው ምቱ ነው። የክሪስታሉ ጉልበት ቀስ ብሎ የሚለወጥ በመሆኑ አንዱን ምልልስ ከሌላው አይለይም፤ በአማካይ የምቱን ብክነት ብቻ በሚሸፍን መጠን ላይ ይረጋል። ያን ጊዜ ያለ ማቋረጥ ሊበራ የሚፈልግ ሌላ ብርሃን ሁሉ የሚያገኘው ጉላት ከሚደርስበት ብክነት ያንሳል። ለምሳሌ ጉድለቱ በየምልልሱ 1 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ ከ1,000 ምልልስ በኋላ፣ ይኸውም በ10 ማይክሮ ሴኮንድ ውስጥ፣ ከዚያ ብርሃን የሚተርፈው ከመቶ ሺህ 4 እጅ ያህል ነው። ቀደም ሲል እንቅፋት የተባለው የክሪስታሉ ዝግተኛነት እዚህ የጽናቱ መሠረት ሆኖ ይገኛል።

ይሁንና ተቀናቃኝን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ምቱ ከራሱም መፍረስ መዳን አለበት። ብዙ ቀለማት የያዘ ምት በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ቀዩ ይቀድማል፤ ሰማያዊው ወደ ኋላ ይቀራል። 10 ፌምቶ ሴኮንድ የሚቆይ ምት 5 ሚሊሜትር በሆነ ሰንፔር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍ ወደ 80 ፌምቶ ሴኮንድ ይረዝማል። በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ የሚመላለስ ምት ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ለዚህ መድኃኒት የሆነው በ1984 ፎርክ፣ ማርቲኔዝና ጎርደን ያቀረቡት የፕሪዝም ጥንድ ነው። የመጀመሪያው ፕሪዝም ቀለማቱን ይበትናል፤ ሁለተኛው በሚቀበላቸው ጊዜ ቀዩ በብርጭቆው ውስጥ ረዘም ያለ መንገድ እንዲሄድ ይሆናል። ቀድሞ የነበረው ቀይ ይዘገያል፤ የዘገየው ሰማያዊ ይደርስበታል። ከ1994 ጀምሮ በቡዳፔስትና በቪየና ተመራማሪዎች የተዘጋጁ፣ የተለያዩ ቀለማትን በተለያየ ጥልቀት የሚመልሱ መስተዋቶች ይህንኑ ሥራ ይበልጥ በትክክል ሠርተዋል፤ በእነርሱም ረዳትነት በ1999 ከ6 ፌምቶ ሴኮንድ በታች መውረድ ተችሏል።

ልብ ሊባል የሚገባው ፕሪዝሞቹ የክሪስታሉን ብተና አካክሰው ዜሮ ላይ እንዲያቆሙ የማይፈለግ መሆኑ ነው። ጥቂት ያልፉ ዘንድ ይደረጋል። ምክንያቱም ኬር ያሳየው ጠባይ ሌንስ ከመሥራቱ ሌላ የምቱን ቀለማት ይለውጣል፤ የምቱን ፊት ወደ ቀይ፣ ጭራውን ወደ ሰማያዊ ይገፋል። ፕሪዝሞቹ ቀዩን በመጠኑ እያዘገዩ ሰማያዊውን እያስቀደሙ ሲሄዱ፣ ሰፍቶ ሊወጣ የነበረው ምት ወደ መካከሉ ይሰበሰባል። አንዱ የሚያደርገውን ሌላው ይመልሳል፤ ምቱም በመካከላቸው ቅርጹን ይዞ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሞገድ ሶሊቶን ይባላል። በ1834 ጆን ስኮት ራስል በኤዲንብራ አጠገብ ባለ ቦይ ላይ አንድ ጀልባ በድንገት ሲቆም ከፊቱ የወጣች የውኃ ጉብታ ቅርጿን ሳትለውጥ ስትሄድ አይቶ በፈረስ ተከትሏት ነበር፤ የሶሊቶን ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ራስል፣ ኬርና የቅዱስ እንድርያስ ሌዘር በአንዲት ትንሽ አገር መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ሚዛኑ የሚይዘው በወሰን ውስጥ ነው። በምቱ ውስጥ ያለው ኢነርጂ ሲጨምር ምቱ ያጥራል፤ ሲያጥር ኅብረ ቀለሙ ይሰፋል፤ ከልክ በላይ ሲሰፋ ግን ጠርዙ መስተዋቶቹና ክሪስታሉ ሊያስተናግዱት ከሚችሉት ስፋት ያልፋል። ያን ጊዜ አንድ ብርቱ ምት ከመሆን ሁለት ደካማ ምት መሆን ያነሰ ብክነት ያስከትላል፤ ምቱም ለሁለት ይከፈላል። ኃይል ጨምሮ የተሻለ ምት አገኛለሁ ብሎ ያሰበ ሠራተኛ፣ ሁለቱ ምቶች እጅግ ተቀራርበው ሲሄዱ ፎቶዳዮዱ ሊለያቸው ስለማይችል ሳያውቀው ሁለት ምት ይዞ ይሠራል።

ሌላው ችግር አጀማመሩ ነው። በኬር ሌንስ የሚሠራው ሌዘር ያለ ማቋረጥ ሲበራ በውስጡ ያለው ብርሃን ሌንሱን ለመሥራት ደካማ ነው። ሌንስ ከሌለ ምት የለም፤ ምት ከሌለም ሌንስ የለም። ከዚህ አዙሪት መውጫው ቀላልና ለእንዲህ ያለ ረቂቅ መሣሪያ የማይመጥን የሚመስል ነው፤ አንዱን መስተዋት ወይም ፕሪዝም በጣት ነካ ማድረግ። ንቅናቄው በሞዶቹ መካከል ግርግር ይፈጥራል፤ ከግርግሩ አንድ ከፍ ያለ ጫፍ ይወጣል፤ የቀረውን ምቱ ራሱ ይጨርሰዋል። በ1992 ኡርሱላ ኬለር ያቀረበችው ከሴሚኮንዳክተር የተሠራ የሚጠግብ መስተዋት ሌዘሩ ያለ ጣት በራሱ እንዲጀምር አስችሏል። እርሱም የራሱ ጣጣ አለው። ጉልበታቸውን ለረጅም ጊዜ ከሚያከማቹ ክሪስታሎች ጋር ሲገጠም፣ በሬዞኔተሩ ውስጥ ያለው ኢነርጂ ካነሰ የምቶቹ ብርታት እየወጣ እየወረደ ይወዛወዛል፤ በወጣ ጊዜም መስተዋቱን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። መፍትሔው በሬዞኔተሩ ውስጥ ያለውን ኢነርጂ ማሳደግና ጨረሩን በክሪስታሉና በመስተዋቱ ላይ ይበልጥ ማጥበብ ነው።

ሞዶቹ ሲቆራኙ ሥርዓቱ ምን ያህል ትክክል ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠው በጀርመን አገር በጋርሺንግ የቴዎዶር ሄንሽ ቡድን ነው። በ1999 ባሳተሙት ልኬት፣ በሞዶቹ መካከል ያለው ርቀት ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ከአንድ መቶ ሚሊዮን ቢሊዮን ጥቂት እጅ እስከሚሆን ድረስ እኩል ሆኖ ተገኘ። ማበጠሪያ የሚል ስም የወጣለት ይህ የእኩል ጥርሶች ስብስብ የብርሃንን ድግግሞሽ እንደ ጨርቅ በክንድ ለመለካት አስቻለ፤ ሄንሽና የአሜሪካው ጆን ሆል በ2005 ለኖቤል ሽልማት የበቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምቶቹን አርዝሞ፣ አጉልቶ፣ መልሶ በማሳጠር ብርታታቸውን እጅግ ከፍ የሚያደርገው የስትሪክላንድና የሙሩ ዘዴ በ1985 የወጣ ሲሆን በ2018 ተሸልሟል፤ የዓይን ብሌን መስተዋታዊ ሽፋን በፌምቶ ሴኮንድ ሌዘር መቁረጥም የተለመደ ሕክምና ሆኗል። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋሉ።

ከሌዘሩ ፊት የሚቆም ባለሙያ ግን የሚጠብቀው ሥራ ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። መስተዋቱን በጣቱ ይነካል፤ የኅብረ ቀለሙ መለኪያ ላይ ቀጭን የነበረው መስመር በቅጽበት ወደ ሰፊ ጉብታ ሲለወጥ ያያል። ጉብታው ላይ ቀጭን ሹል መስመር ቀርቶ እንደሆነ ያለ ማቋረጥ የሚበራ ብርሃን ከምቱ ጋር አብሮ አለ ማለት ነውና ፕሪዝሙን በጥቂቱ ያንቀሳቅሳል። ኅብረ ቀለሙ ላይ እኩል የተራራቁ ሸንተረሮች ታይተው እንደሆነ ምቱ ለሁለት ተከፍሏልና የአረንጓዴውን ጨረር ኃይል ይቀንሳል። ከዚያም ምቱን ከራሱ ጋር አገናኝቶ ይለካዋል፤ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ትከሻውንም አይቶ፣ የሚጠበቀው ድምቀት መድረሱን አረጋግጦ ቁጥሩን በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ድምቀቱ ካልደረሰ አይጽፍም፤ መስተዋቱን እንደገና ይነካል።